ወገብዎን ሲያምዎት እግርዎን ይጠይቁ፦ የታችኛው ወገብ ዲስክ ምልክቶች

“ወገቤን ያዘኝ” ላለ ሰው መርማሪ አይጠፋም። አንዱ “ብርድ ነው” ይላል፤ ሌላው ጎኑን በእጁ ይዞ “ኩላሊትህ ነው” ይላል፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ “ዲስክ ነው” የሚለው በዝቷል። ሦስቱም የሚገምቱት ወገቡን ብቻ አይተው ነው። ዲስክ ነርቭ ሲነካ ግን ራሱን የሚያሳብቀው እግር ላይ ነው። ህመሙ በየትኛው የእግር ክፍል እንደሚወርድ፣ የቱ ጣት እንደደነዘዘ፣ የትኛው እንቅስቃሴ እንደደከመ በትክክል ማወቅ ከግማሽ በላይ ምርመራውን ይጨርሳል።

“ዲስክ መንሸራተት” የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። ዲስክ ከላይና ከታች ካሉት አጥንቶች ጋር ተጣብቆ የተያዘ ስለሆነ እንደ ሳህን ተንሸራቶ አይወጣም፤ በእጅ ተገፍቶም አይመለስም። የታችኛው ወገብ 5 የአከርካሪ አጥንቶች አሉት። በየመካከላቸው ዲስክ የሚባል፣ 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ትራስ አለ። የትራሱ ዙሪያ እንደ ሽንኩርት ልባስ የተደራረበ ጠንካራ ቀለበት ነው፤ መሐሉ ደግሞ ውሃ እንደጠጣ ተልባ የሚያሟልጭ ነው። በልጅነትና በወጣትነት ይህ እምብርት አብዛኛው ውሃ ነው። ዕድሜ ሲገፋ እየደረቀ ይሄዳል፤ ቀለበቱም ይሰነጣጠቃል። አንዱ ስንጥቅ ዘልቆ ሲቀደድ ውስጡ ያለው ወደ ውጭ ይገፋል ወይም ሾልኮ ይወጣል። ዲስክ ወጣ የሚባለው ይህ ነው።

ከኋላ በኩል መሐል ለመሐል አጥንቶቹን የሚያስተሳስር ጅማት ስላለ የወጣው ነገር በብዛት የሚሾልከው ወደ ኋላ በግራ ወይም በቀኝ ጥግ ነው። እዚያ ጥግ ላይ ደግሞ ወደ እግር የሚወርደው የነርቭ ሥር ያልፋል። ህመሙ ብዙ ጊዜ አንድ እግር ብቻ የሚይዘው ለዚህ ነው። የወጣው ነገር ነርቩን ከመጫን ባለፈ በአካባቢው ብግነት ያስነሳል። ስለዚህ ትንሽ ዲስክ ብዙ ሊያሳምም፣ ትልቁ ደግሞ ብዙም ላያሳምም ይችላል።

በወገብ ላይ ከሚወጡት ዲስኮች 90 ከመቶ በላይ የሚሆኑት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው፤ የሰውነት ክብደትና እጥፋት የሚያርፈው እዚያ ላይ ነውና። ዕድሜው በአብዛኛው ከ30 እስከ 50 ነው። ይህ ሰውን ያስገርማል፤ በሽታው የሽማግሌ ይመስላልና። ነገር ግን ሾልኮ ለመውጣት እምብርቱ እርጥብ መሆን አለበት። በጣም የደረቀ ዲስክ ይሳሳል እንጂ በቀላሉ አይፈስስም፤ አዛውንቶችን የሚያስቸግረው በአብዛኛው ሌላ ነገር ነው፤ ወደኋላ እንመለስበታለን።

አጀማመሩ

ብዙዎች አንድ ቀን ያነሱትን ኩንታል ወይም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያስታውሳሉ። ዕቃውን ከሰውነት አርቆ፣ ወገብን አጥፎና ጠምዝዞ ማንሳት በእርግጥ ክፉ ነው። ሌሎች ግን ምንም አላነሱም፤ አስነጥሰው ወይም ካልሲ ሊያደርጉ ጎንበስ ብለው ነው የጀመራቸው። ቀለበቱ ለዓመታት ሲሳሳ ቆይቶ የመጨረሻዋን ጫና ብቻ ይጠብቅ ነበር ማለት ነው።

የተለመደው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። መጀመሪያ ወገብ ለቀናት ወይም ለሳምንታት ያማል፤ የቀለበቱ የውጭ ክፍል የህመም ነርቭ ስላለው ሲሰነጠቅ ይሰማል። ከዚያ በአንድ ቀን ውስጥ ህመሙ ወደ መቀመጫ፣ ወደ ጭን፣ ከጉልበትም በታች ይወርዳል። የሚገርመው፣ እግሩ ሲብስ ወገቡ ቀለል ሊለው ይችላል። “ወገቤስ ተሽሎኛል፣ አሁን ያስቸገረኝ ባቴ ነው” የሚል ሰው ሲያጋጥም በሽታው ቦታ ቀይሮ እንዳይመስልዎት፤ ምንጩ ያው ወገቡ ነው።

የህመሙ ዓይነትም ይለያል። የጡንቻ ህመም ሰፊና ድብልቅልቅ ያለ ነው፤ “የት ላይ ነው?” ሲባል ሰውዬው መላ መዳፉን ወገቡ ላይ ያሳርፋል። የነርቭ ህመም ግን መስመር አለው፤ በአንድ ጣት ከመቀመጫ እስከ እግር ጣት ሊከተሉት ይችላሉ። ያቃጥላል፣ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራል፣ ጉንዳን እንደወረረው ያደርጋል። ወደ እግር የሚሄድ ህመም ሁሉ ደግሞ ዲስክ አይደለም። ጭን ላይ ደርሶ ከጉልበት በላይ የሚቆም ድንዙዝ ህመም ከመገጣጠሚያም ከጡንቻም ሊመጣ ይችላል። ከጉልበት በታች ሲወርድና ከወገቡ ይልቅ እግሩ ሲያም ግን የነርቭ ሥር ሳይነካ አልቀረም።

የቱ ነርቭ ነው?

በምርመራ ወረቀት ላይ ኤል 4፣ ኤል 5፣ ኤስ 1 የሚሉ ፊደላት ያያሉ፤ ወደ እግር የሚወርዱ የነርቭ ሥሮች ስም ናቸው። ሦስቱን በእግር ላይ እናስቀምጣቸው።

ኤል 5 ከሁለቱ ዋነኞች አንዱ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚነካው በ4ኛውና በ5ኛው አጥንት መካከል ያለው ዲስክ ሲወጣ ነው። ህመሙ በጭን ውጫዊ ጎንና ከጉልበት በታች በውጭ በኩል ወርዶ በእግር ጀርባ ላይ ወደ አውራ ጣት ይደርሳል። የሚደነዝዘውም የእግር ጀርባና በአውራ ጣትና በቀጣዩ ጣት መካከል ያለው ቦታ ነው። የሚደክመው አውራ ጣትንና እግርን ወደ ላይ የሚያነሳው ኃይል ነው። እየባሰ ሲሄድ የእግሩ ፊት ይወድቃል፤ ሰውዬው ሲራመድ ጣቱ ምንጣፍ ላይና ደረጃ ላይ ይጠለፋል፣ እግሩ መሬቱን በጥፊ እንደመታ ጧ ይላል፣ ነጠላ ጫማው ሳይታወቀው ይወልቃል።

ኤስ 1 የሚነካው ከሁሉም ታች ያለው ዲስክ ሲወጣ ነው። ህመሙ በመቀመጫ፣ በጭን ኋላና በባት ወርዶ ወደ ተረከዝ፣ ወደ እግር የውጭ ጠርዝና ወደ ትንሿ ጣት ይሄዳል። የሚደክመው በእግር ጣት ቆሞ ለመንጠራራት፣ ከመሬት ለመስፈንጠር የሚያስፈልገው የባት ኃይል ነው። ሐኪሙ የተረከዙን ጅማት በመዶሻ ሲመታው ጤነኛው እግር ይዘላል፤ የታመመው ጭጭ ይላል።

ኤል 4 ብዙም አይነካም። ህመሙ ከጭን ፊት ተነስቶ በጉልበት በኩል ወደ ቅልጥም የውስጥ ጎን ይወርዳል፤ ደረጃ ሲወጡ ወይም ሲወርዱ ጉልበት ይከዳል። ከዚህም በላይ ያሉ ዲስኮች ሲወጡ ህመሙ ጭን ፊትና ብሽሽት ላይ ስለሚቀር የዳሌ መገጣጠሚያ በሽታ ይመስላል።

የ4ኛው ዲስክ 5ኛውን ነርቭ መንካቱ የሚያደናግራቸው አሉ። 4ኛው ነርቭ ዲስኩ ጋ ከመድረሱ በፊት ከላይ በኩል ወጥቶ ሄዷል። በዲስኩ ጥግ እያለፈ የሚገኘው ወደ ታችኛው መውጫ የሚወርደው 5ኛው ነው። ዲስኩ ከወትሮው ወጣ ብሎ በጎን በኩል ጫፍ ላይ ከሾለከ ግን የላይኛውን ሊይዘው ይችላል።

ምን ያብሰዋል፣ ምን ያቀልለዋል?

ማሳል፣ ማስነጠስና ሽንት ቤት ማማጥ ህመሙን እግር ድረስ ከወረወረው ጠንካራ ምልክት ነው፤ ሦስቱም በአከርካሪው ቦይ ውስጥ ያለውን ግፊት ይጨምራሉ። ለዚህም ነው ድርቀት መጥፎ የሚሆነው። ቁጭ ማለት፣ በተለይ ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ጎንበስ ብሎ መቀመጥና በመኪና ረጅም መንገድ መሄድ ያብሰዋል። ቀስ ብሎ መራመድና ጉልበትን አጥፎ መተኛት በብዛት ያቀልለዋል። ጠዋት ጎንበስ ማለት ከቀኑ ይከፋል፤ ዲስክ ሌሊት ውሃ ይጠጣና ያብጣል። ጤነኛ ሰው ጠዋት ከማታው 1 ሳንቲ ሜትር ወይም ትንሽ በለጥ ብሎ የሚረዝመውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከአልጋ እንደተነሱ ለመጀመሪያው አንድ ሰዓት ጫማ ለማሰር አይጎንበሱ፤ እግርዎን ወንበር ላይ ያውጡ። አንዳንዱ ሰው ደግሞ ነርቩን ለማስመለጥ ሳያውቀው ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፤ ከኋላ ያየው ሰው ነው ትከሻው መንጋደዱን የሚነግረው።

ቤት ውስጥ የሚደረግ ፍተሻ

ባዶ እግርዎን ግድግዳ አጠገብ ይቁሙ። በተረከዝ ብቻ 10 እርምጃ ይሂዱ፤ የአንዱ እግር ፊት እየወደቀ መሬት ከነካ የኤል 5 ድካም ይጠረጠራል። ቀጥሎ ግድግዳውን በጣትዎ ጫፍ ብቻ ነክተው በአንድ እግር ጣት ላይ 10 ጊዜ ከፍ ዝቅ ይበሉ፤ ከዚያ በሌላው። ሁለቱን እግር አንድ ላይ ማድረግ አይጠቅምም፤ ጤነኛው የደካማውን ገበና ይሸፍናል። አንዴ ብቻ መነሳትም አይበቃም፤ ባት ጠንካራ ጡንቻ ስለሆነ ድካሙ የሚታየው ሲደጋገም ነው። ከዚያ ቁጭ ብለው ሁለቱን አውራ ጣቶች ወደ ላይ ይቀስሩ፤ ሌላ ሰው በእጁ አውራ ጣቶች ወደ ታች ይጫናቸው። አንዱ በቀላሉ ከተሸነፈ ይመዝገብ። በመጨረሻ ዓይን ተጨፍኖ በጥጥ ሁለቱን እግር እየነኩ ማነጻጸር ነው፤ የእግር ጀርባ፣ የውጭ ጠርዝ፣ የቅልጥም ውስጥ።

ቀጥሎ እግር ማንሳት አለ። ጠንካራ ነገር ላይ በጀርባዎ ይተኙ። ሌላ ሰው ተረከዝዎን ይዞ ጉልበትዎ ሳይታጠፍ እግርዎን ቀስ አድርጎ ያንሳ፤ እርስዎ አይርዱት። ከ30 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ውስጥ ያ የታወቀ ህመም ከጉልበት በታች ተወርውሮ ከመጣ ነርቩ ተነክቷል ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ከጭን ኋላ የሚሰማ መወጠር ብቻ ጅማቱ አጭር መሆኑን ነው የሚናገረው፣ ስፖርት ያልሠራ ሰው ሁሉ አለበት። ጤነኛውን እግር ሲያነሱ የታመመው እግር ላይ ህመም ከወረደ ግን ነገሩ እጅግ ወደ ዲስክ ያጋድላል። ህመሙ እንደመጣ ይቁም፤ መደጋገም ነርቩን ከማናደድ በስተቀር የሚጨምረው የለም።

ጊዜ የማይሰጥ ሁኔታ

ህብለ ሰረሰር የሚያልቀው ከወገቡ የመጀመሪያው ወይም ሁለተኛው አጥንት ላይ ነው። ከዚያ በታች ነርቮቹ እንደ ፈረስ ጭራ ተዘርግተው ይወርዳሉ፤ ሽንትን፣ ሰገራንና የወሲብ ስሜትን የሚቆጣጠሩትም በመሐል ያልፋሉ። ትልቅ ዲስክ መሐል ለመሐል ሲወጣ እነዚህን ይደፈጥጣል። ምልክቶቹ ኮርቻ ላይ ሲቀመጡ የሚነካው ቦታ መደንዘዝ፣ ሽንት አልመጣ ማለት ወይም ፊኛ መሙላቱ ሳይታወቅ ማምለጥ፣ ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል፣ የወሲብ ስሜት በድንገት መጥፋት፣ ህመሙ ወይም ድካሙ በሁለቱም እግር መሆን ናቸው።

ሰው ስለሚያፍር በደንብ አይጠየቅም። ቀላሉ ጥያቄ ይህ ነው፦ ከተጸዳዱ በኋላ ሲታጠቡ ውሃው ሲነካዎት እንደ ወትሮው ይሰማዎታል? “አይ፣ ደንዝዟል” ከሆነ መልሱ፣ በዚያው ቀንና በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው። ቀዶ ጥገናው በ48 ሰዓት ውስጥ፣ ከተቻለም ፈጥኖ መደረግ አለበት፤ ካለፈ ሽንቱ ላይመለስ ይችላል። አንዳንድ የህመም ማስታገሻዎች፣ ለምሳሌ ትራማዶል፣ ሽንትና ሰገራ ማስቸገራቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን “መድኃኒቱ ነው” ብሎ ቤት መቀመጥ ቁማር ነው፤ የሚለየው ሐኪም ይሁን። ጤና ጣቢያ ከሄዱ “ኮርቻ ቦታዬ ደንዝዟል፣ ሽንቴ አልወጣም” ብለው በግልጽ ይናገሩ፤ ሪፈር የሚያስጽፈው ይህ ቃል እንጂ “ወገቤን አመመኝ” አይደለም።

ዲስክ የሚመስሉ ሌሎች

ኩላሊት የሚያመው ከፍ ብሎ ከመጨረሻው ጎድን በታች በጎን ነው። ጎንበስ ቀና ማለት አይለውጠውም፤ ጠጠር ከሆነ እየጠመዘዘ ወደ ብሽሽት ይወርዳል፣ ታማሚው አንድ ቦታ መቀመጥ ያቅተዋል። የዲስክ ታማሚ በተቃራኒው የተመቸውን አኳኋን ካገኘ መነቃነቅ አይፈልግም።

በእኛ አገር ከሁሉ በላይ መዘንጋት የሌለበት የአከርካሪ ቲቢ ነው። ሳል የግድ አይኖርም። ህመሙ ለሳምንታትና ለወራት ቀስ እያለ ይጨምራል፤ ተኝተውም አይለቅም፤ ሌሊት ያልባል፣ ክብደት ይቀንሳል፣ ቆይቶ አከርካሪው ላይ ጉብታ ይወጣል። ጥሬ ወተት የሚጠጣ ወይም ከከብት ጋር የሚውል ሰው የሚመላለስ ትኩሳት፣ ላብና የወገብ ህመም ካለው ብሩሴላ ይታሰብ። ካንሰር ታክሞ የሚያውቅ ሰው አዲስ የወገብ ህመም ሲጀምረው ደግሞ ጊዜ ሳይሰጥ መመርመር ይኖርበታል።

አልማዝ ባለጭራ ሽፍታው ከመውጣቱ ከጥቂት ቀናት በፊት በአንድ በኩል ያቃጥላል፤ ቆዳውን በየቀኑ ማየት ነው። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ጥቂት ሲራመዱ ሁለት እግራቸው ተሳስሮ፣ ጎንበስ ሲሉ ወይም ሲቀመጡ የሚለቃቸው ከሆነ የአከርካሪው ቦይ ጠቧል፤ ከላይ ያልነው የአዛውንቶች ችግር ይህ ነው። ቆመው ብቻ ቢያርፉም የሚለቅ የባት ህመም ግን የደም ሥር መጥበብን ያሳስባል። ወጣት ሆኖ ጠዋት ከ30 ደቂቃ በላይ ወገቡ የሚተሳሰር፣ ሲንቀሳቀስ የሚፍታታለት ሰው የአከርካሪ መገጣጠሚያ ብግነት ሊኖረው ይችላል። መቀመጫ ላይ መርፌ ከተወጋ በኋላ ወዲያው እግሩ የነዘረውና የደከመው ሰው ደግሞ ዲስክ ሳይሆን መርፌው ነርቩን ነክቶት ይሆናል።

ስለ ኤም አር አይ

ራጅ አጥንት እንጂ ዲስክ አያሳይም። ዲስኩንና ነርቩን በደንብ የሚያሳየው ኤም አር አይ ነው። ችግሩ ከመጠን በላይ ማሳየቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካ ውስጥ ወገባቸውን የማያማቸው 98 ሰዎች ኤም አር አይ ተነስተው ነበር፤ 52 ከመቶው ቢያንስ አንድ ያበጠ ዲስክ፣ 27 ከመቶው ደግሞ ወደ ውጭ የገፋ ዲስክ ተገኘባቸው። ወጣ ብሎ የፈሰሰ ዲስክ የተገኘው ግን 1 ከመቶው ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ “በሦስት ቦታ ዲስክ አለብህ” የሚል ወረቀት ብቻውን ምንም አይደለም። ፊልሙ ላይ የተነካው ነርቭ በእግሩ ላይ ከሚታየው ጋር መግጠም አለበት። በቀኝ እግሩ የሚታመም ሰው ዲስኩ በግራ ወጥቶ ከተገኘ፣ የህመሙ ምንጭ ያ ዲስክ አይደለም ማለት ነው።

አደገኛ ምልክት ከሌለና የእግር ኃይል ካልደከመ ለመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ኤም አር አይ መነሳቱ አያስፈልግም፤ ብዙው ሰው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ውስጥ ያለ ቀዶ ጥገና ይሻለዋል። ሰውነት የወጣውን ነገር እንደ ባዕድ ቆጥሮ እየበላ ያጠፋዋል፤ በደንብ ወጥቶ የፈሰሰው ደግሞ ትንሽ ካበጠው ይልቅ የመጥፋት ዕድሉ ይበልጣል። በእነዚህ ሳምንታት አልጋ ላይ መዋል ከአንድ ሁለት ቀን አይለፍ፤ ጡንቻ ይፈታል። ወጌሻ ወገብ ላይ እንዲቆም ወይም በኃይል እንዲጠመዝዝ መፍቀድ፣ በተለይ እግር ከደነዘዘ ወይም ከደከመ፣ ትንሹን ቀዳዳ ትልቅ ሊያደርግ ይችላል። የቫይታሚን ቢ መርፌም የወጣ ዲስክ አይመልስም።

መሻልና መባስ

ህመሙ ከእግር ጣት ወደ ባት፣ ከባት ወደ መቀመጫ እየሸሸ ወደ ወገብ ከተሰበሰበ ወገቡ ቢያምም ጥሩ ነው። ወደ ታች እየረዘመ ከሄደ የሚሠሩትን እንቅስቃሴ ያቁሙ። መደንዘዙ ከህመሙ ዘግይቶ ነው የሚለቅ፤ ወራት መቆየቱ ብቻውን አያስደንግጥ።

አንድ አታላይ መሻል አለ። ለሳምንታት ሲያሰቃይ የነበረ ህመም በአንድ ሌሊት ጠፍቶ በምትኩ እግሩ ከወደቀ ነርቩ ድኖ ሳይሆን መሥራት አቁሞ ነው። ህመሙ በጠፋ ቀን በተረከዝና በጣት የመሄዱን ፍተሻ ይድገሙት። ድካም ካለ፣ በተለይም ከትናንት ዛሬ ከጨመረ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ሲሄዱም የእግር ሥዕል በወረቀት ላይ አድርገው ህመሙ የሚወርድበትን በመስመር፣ የደነዘዘውን በነጥብ ምልክት ያድርጉ። የጀመረበትን ቀን፣ ወገቡ ወይስ እግሩ እንደሚብስ፣ ሲያስሉ ምን እንደሚሆን፣ በአንድ እግር ስንት ጊዜ በጣትዎ እንደተነሱ፣ የወሰዱትን መድኃኒት ከነመጠኑ ይጻፉበት። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ደም ግፊት ካለብዎት ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የመሳሰሉት ሊጎዱዎት ስለሚችሉ እሱንም አይርሱ። ሱሪ የሚወልቅ፣ ጫማና ካልሲ በቀላሉ የሚወጣ ይልበሱ፤ እግርዎን ሳያይና ሳይነካ ስለ ዲስክዎ የሚነግርዎት ሐኪም ካጋጠመዎት እንዲያየው ይጠይቁት።